ሬይኪ ከባድ ድባቴን ይፈውሳል ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በከባድ ድባቴ የተያዘ ዘመድ ያላቸው ሰዎች «የኃይል ፈውስ» እንዲያደርጉለት ይመክራል። የኃይል ፈውስ የሚለውም በዋናነት ሬይኪን ነው፤ መነሻው ጃፓን የሆነ፣ እጅ በመጫን የሚሠራ ስልት። ጽሑፉ በጥቅሉ ሰባት ነገር ይላል። ድባቴ የታገደ የሕይወት ኃይል ነው፣ ሬይኪም ይህን እገዳ ለሺህ ዓመታት ሲፈታ የኖረ ጥበብ ነው። ሬይኪ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ የአሜሪካ ሆስፒታሎችም ይጠቀሙበታል። ታማሚው እምቢ ቢል እንኳ ሳያውቅ ከሩቅ ሊላክለት ይችላል። ከተደረገለት በኋላ ቢብስበት መንጻቱን ያሳያልና አትደንግጡ። መድኃኒት ኃይሉን ስለሚያደነዝዝ ቀስ እያላችሁ ቀንሱለት። ስለ ሞት ማውራት ክፉ ኃይል ስለሚጠራ ፈጽሞ አታንሱበት። በመጨረሻም፣ ነገሩ ከጸበል የተለየ አይደለም።

ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ታማሚዎችን እንደሚወድ ከአጻጻፉ ይታያል። ከሰባቱ ነጥቦች አራቱ ቢሳሳቱ የሚያስከትሉት ጉዳት ትንሽ ነው፣ ወይም ቶሎ ይታረማል። ስለ መባባስ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ሞት የተሰጡት ሦስቱ ምክሮች ግን ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሄዳለን፤ በነዚህ በሦስቱ ላይ ግን እንቆያለን። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ «ከባድ» የሚለውን ቃል እንያዝ፤ ጽሑፉ ሳያብራራው አልፏልና። በአማርኛ «ደብሮኛል» ለዝናብ ቀንም፣ ለቀረ ቀጠሮም ይባላል። ሐኪም ድባቴ የሚለው ግን የስሜት መውረድ ወይም ደስታ ማጣት ከእንቅልፍ መዛባት፣ ከምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ከድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ ካለመቻል፣ ራስን ከመውቀስ፣ ከሰውነት መዝገም ወይም መቁነጥነጥና ከሞት ሐሳብ ጋር ሲደመር፣ ከ9ኙ ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ሲቆዩ ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ እነዚህኑ 9 ምልክቶች ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። መጠይቁ በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይም ተፈትሿል።

በቤት ውስጥ ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰውየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ተመልሶ አይተኛም። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዱን ካልሲ በእጁ እንደያዘ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ሲጠይቁት መልሱ ከሩቅ እንደሚመጣ ሁሉ ይዘገያል። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጫነኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው» ይላል እንጂ «አዝኛለሁ» አይል ይሆናል፤ ስለዚህም ወራት በጨጓራና በራስ ምታት መድኃኒት ያልፋሉ። ሕመሙ ሲጠና ምግብና ውኃ መተው፣ «በእኔ ኃጢአት ቤተሰቡ አለቀ» የሚል የማይናወጥ እምነት፣ አንዳንዴም የሚሰድብ ወይም የሚያዝ ድምፅ መስማት ይከተላል። ጽሑፉ እጃችሁን ጫኑበት የሚለው በዚህ ሰው ላይ ነው።

1. የታገደ ኃይልና የሺህ ዓመት ጥበብ

ሬይኪ ሺህ ዓመት የለውም። ሚካኦ ኡሱይ የተባለ ጃፓናዊ በ1922 በኪዮቶ አቅራቢያ ባለው የኩራማ ተራራ ጾምና ተመስጦ ካደረገ በኋላ የጀመረው ነው፤ ኡሱይ በ1926 አረፈ። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ቹጂሮ ሃያሺ ያስተማራት ሃዋዮ ታካታ በ1930ዎቹ ወደ ሃዋይ ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ ምዕራቡ ዓለም ተሠራጨ። ጽሑፉ የሚዘረዝራቸው ሰባቱ ቻክራዎች፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ አሉ የሚባሉት የኃይል ማዕከላት፣ ደግሞ ከሕንድ የመጡ ናቸው፤ ከሬይኪ ጋር የተዳበሉት በምዕራቡ ዓለም ነው። አዲስ መሆኑ ብቻውን ሐሰት አያደርገውም። ጥንታዊ ነው እየተባለ ለተጨነቀ ቤተሰብ መቅረቡ ግን ያሳስታል።

ኃይሉ አለ ወይ ለሚለው፣ በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከሬይኪ ጋር በሚቀራረብ፣ «ቴራፒዩቲክ ተች» በሚባል ስልት የሚሠሩ 21 ባለሙያዎች እጃቸውን በመጋረጃ ውስጥ አሾልከው ዘረጉ። ከመጋረጃው ማዶ ያለችው ልጅ ሳንቲም ጥላ በወጣላት መሠረት እጇን ከቀኛቸው ወይም ከግራቸው በላይ ትይዛለች፤ እነርሱ የትኛው እንደሆነ በ«ኃይሉ» ለይተው ይናገራሉ። በ280 ሙከራ የለዩት 123ቱን፣ ማለትም 44 ከመቶውን ነው። እንዲሁ በግምት ቢናገሩ ግማሹን ያገኙ ነበር። ልጅቷ ሙከራውን የጀመረችው በ9 ዓመቷ ነው።

ታዲያ በእጁ ስር የሚሰማው ሙቀትስ? የሰው መዳፍ በልብስ ላይ ለ5 ደቂቃ ሲያርፍ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጸጥታ የተኛ ሰውም ያን ቦታ ብቻ ያዳምጣል። ስሜቱ እውነት ነው፤ ኃይል የሚለው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

2. ሳይንስ አረጋግጦታል፤ ሆስፒታሎችም ይጠቀሙበታል

በ2015 የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግመው የኮክሬን ማኅበር ሬይኪ ለድባቴና ለጭንቀት ይረዳ እንደሆነ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። መስፈርቱን ያሟሉ 3 ብቻ ሆኑ፦ አንዱ ለፕሮስቴት ካንሰር ጨረር በሚወስዱ ወንዶች፣ አንዱ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሰዎች፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ድባቴ ያለባቸው ተብለው ለብቻ የተለዩት 17 ሰዎች ነበሩ። መደምደሚያው ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ካልሲ በእጁ ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይነት ታማሚ በነዚያ ጥናቶች ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንዳንድ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሬይኪ ማቅረባቸው እውነት ነው። የሚሰጡት ግን ከቀዶ ሕክምናና ከካንሰር ሕክምና ጎን፣ ሕመምተኛው ዘና እንዲል ነው። መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ ነርሷ አጠገቡ አለች፣ የልብ ምቱ ይለካል። በዚያ የተደረገውን ወደ ጓዳ አምጥቶ በሕክምና ቦታ መተካት ሌላ ነገር ነው።

ጽሑፉ እንደ ማስረጃ የሚያቀርባቸው ታሪኮች አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ፈውሱ የተደረገው ከሥራ መልስ፣ አመሻሽ ላይ ነው። በከባድ ድባቴ ከሚታወቁት ባሕርያት አንዱ ደግሞ ጠዋት መክፋቱና ወደ ማታ መለስ ማለቱ ነው። በማለዳ ቃል ሊተነፍስ ያልቻለ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይመልሳል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ የተደረገለት ነገር ሁሉ፣ ሬይኪም ይሁን የእግር መታጠቢያ፣ የሠራ ይመስላል። ለውጥ መኖሩን ማወቅ የሚፈልግ ቤተሰብ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሦስት ነገር ይመዝግብ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን በላ፣ ከአልጋ ለመነሳት ስንት ደቂቃ ፈጀ። የ2 ሳምንት ማስታወሻ ለሐኪሙም ትልቅ እርዳታ ነው።

3. ሳያውቅ ከሩቅ መላክ

በሬይኪ ትምህርት ሁለተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በምልክት አማካይነት ከሩቅ መላክ ይችላል ይባላል። ጽሑፉም ዋሽንግተን ያለች እህት አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ ሳትነግረው በየምሽቱ እንድትልክ ይመክራል። እህቲቱ የምትጸልይለት ከሆነ ማንም አይከለክላትም። ችግሩ ሰውየው ሲሰማ ነው። ከባድ ድባቴ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሐሳባቸው ከውጭ የሚገባ፣ አካላቸው በሌላ ኃይል የሚታዘዝ ይመስላቸዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ከባሕር ማዶ ኃይል እየተላከብህ ነው» ማለት ፍርሃቱን እውነት ነው ብሎ ማጽደቅ ነው። ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ይከታተለኛል የሚል፣ መርዝ አበሉኝ የሚል ታማሚ ጋ የኃይል ነገር ጭራሽ አይነሳ።

ንክኪም ፈቃድ ይጠይቃል። በሬይኪ ታማሚው ልብሱን እንደለበሰ ይጋደማል፤ እጅ በዓይን፣ በጆሮ፣ በጉሮሮ፣ በደረት፣ በሆድ ላይ በየቦታው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ ሁሉም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአሠሪ ቤት ተደፍራ ከዓረብ አገር ለተመለሰች ልጅ ጉሮሮና ሆድ ላይ የሚያርፍ እጅ ምን እንደሚቀሰቅስባት መገመት አያዳግትም። ደንዝዛ ዝም ብትል ዝምታዋ ሰላም ተብሎ ይተረጎማል።

4. ቢብስበት እየነጻ ነው

የ«ፈውስ ቀውስ» የሚባለው ይህ አስተሳሰብ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ማንቂያውን ደወል ያጠፋዋል። ቢሻለው ሬይኪው ሠራ፤ ቢብስበትም ሬይኪው ሠራ። ሊሳሳት የማይችል ሕክምና ደግሞ መቼ መቆም እንዳለበት የሚነግር ምልክት የለውም።

ከባድ ድባቴ ሲባባስ የሚታዩትን እንጥቀስ፤ ማናቸውም የመንጻት ምልክት አይደሉም። አንድ ሙሉ ቀን ውኃ አለመጠጣት፤ ይህ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው፣ ኩላሊት ሳምንት አይጠብቅም። ሳይንቀሳቀሱ በአንድ ሁኔታ ለሰዓታት መቆየት፣ ጨርሶ አለመናገር። ሌሊቱን ሙሉ እጅ እያፋተጉ መንጎራደድ። ድምፅ መስማት። ዕቃን ማከፋፈል፣ ዕዳ መዝጋት፣ ለልጆች አደራ ማለት።

አንዱ ምልክት በተለይ ያታልላል። ለሳምንታት ሲሠቃይ የቆየ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በአንድ ቀን ፊቱ ሊረጋ፣ ሁሉንም ሊያመሰግን ይችላል። ጽሑፉ ይህን የሰላም መግባት ይለዋል። በአእምሮ ሕክምና ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ግን ድንገተኛ እርጋታ ሲያዩ ይፈራሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ሰውየው ለመሞት ወስኖ ትግሉን ማቆሙ ነው። እውነተኛ መሻሻል ብዙውን ጊዜ ይንፏቀቃል፦ መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ደስታ በመጨረሻ። ያለ ደረጃ የመጣ እርጋታ ቀጥተኛ ጥያቄ ይጠየቅበት፤ የጥያቄው አጠያየቅ በ6ኛው ነጥብ አለ።

5. መድኃኒቱን ቀስ በቀስ መቀነስ

የድባቴ መድኃኒት በአንድ ቀን እንደማይቆም ጽሑፉ ማወቁ ጥሩ ነው። ግን መቼና ማን እንደሚቀንሰው ስቷል።

በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ፍሎክሰቲን ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ በቀን 20 ሚሊግራም ነው፤ እንቅልፍ ሊያባርር ስለሚችል ጠዋት ይወሰዳል። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፣ ስለዚህ ማታ ይወሰዳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽማግሌ ሰው ድንገት ሲነሳ ያንገዳግዳል። ቤተሰብን የሚያሳስተው የጊዜ ሰሌዳው ነው። ማቅለሽለሹና መቁነጥነጡ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት መታየት ይጀምራል፣ ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት በትክክለኛው መጠን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። በ10ኛው ቀን የሚያቆም ሰው ጉዳቱን ከፍሎ ጥቅሙን ሳያይ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌላም ጥንቃቄ አላቸው፤ ጉልበት ከስሜት ቀድሞ ሊመለስ ስለሚችል፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዚያ ጊዜ በቅርብ ይታይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ እየተቀነሰ ነው። ጽሑፉ ግን ሰውየው በሕመሙ መካከል ሳለ፣ ሬይኪ በጀመረ በ21 ቀኑ መቀነስ ይጀመር ይላል። ያኔ የሚሆነውን እንግለጽ። ፍሎክሰቲን ከተቋረጠ በኋላም በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ያቆመው ሰው ለጥቂት ሳምንት ደህና ነው፤ ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ሬይኪው ይመሰገናል። ሕመሙ ሲመለስ ጥቂት ወራት አልፈዋልና ከመቋረጡ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ሰርትራሊን ደግሞ በተቃራኒው በድንገት ሲቆም በጥቂት ቀን ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደመንዘር ያለ ስሜት ያመጣል። ይህም «መንጻት» ይባላል።

መድኃኒት ሁሉን በአንድ ጊዜ ያድናል አንልም። የመጀመሪያው ያልረዳው ብዙ ሰው አለ፤ መጠኑ ይጨመራል፣ ዓይነቱ ይለወጣል፣ የንግግር ሕክምና ይታከላል። ውኃ እምቢ ላለ ወይም ድምፅ ለሚሰማ ከባድ ታማሚ በማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምና ብዙዎች ቢፈሩትም ውጤታማ ነው። የታይሮይድ ማነስ፣ የደም ማነስ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ የቅርብ ጊዜ ወሊድም ይጣራል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ቢያልፍ እንኳ ቤተሰቡ ሊናገረው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ሰውየው ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኛ ሳይደክመው፣ ብር እየበተነ፣ ያለ ማቋረጥ እየለፈለፈ ያሳለፈው ጊዜ ነበር? ከነበረ ሕመሙ ባይፖላር (ስሜት በሁለት ጫፍ የሚዋዥቅበት ሕመም) ሊሆን ስለሚችል የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ወደዚያኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል።

6. ስለ ሞት አታንሱበት

ጽሑፉ ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ይተክላል ይላል። ጉዳዩ በብዙ አገር ተጠንቷል፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚተክል አልታየም። ይልቁንም የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ለወራት ብቻውን የተሸከመውን ነገር አንድ ሰው አብሮ አየለት።

አማርኛችን ይህን ሐሳብ የሚሸፍንባቸው ብዙ አባባሎች አሉት፦ «ሞት ረሳኝ»፣ «ምነው ባልተፈጠርኩ»፣ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ»፣ «ተኝቼ ባልነቃ»። ከጤነኛ ሰው አፍ ሲወጡ ምሬት ናቸው። ለ2 ሳምንት ካልተኛ ሰው ሲወጡ በር ማንኳኳት ናቸው፤ በሩን መክፈት ያስፈልጋል።

ሰው በሌለበት፣ ስልክ ተቀምጦ፣ ከጎኑ ቁጭ ተብሎ በደረጃ ይጠየቃል። መጀመሪያ፦ «በጣም እንደደከመህ አያለሁ። እንዲህ ሲብስብህ መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ?» አዎ ካለ፦ «ሕይወትህን ለማጥፋትስ አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ፦ «በምን መንገድ አሰብክ? መቼ? ያዘጋጀኸው ነገር አለ? ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ?» ለታላቅ ሰው አንቱታው ይጠበቅ፤ «ጋሼ፣ ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ማለት ድፍረት አይሆንም። ዝምታው ሲረዝም ለመሙላት አይቸኮል፤ መልስ ለመስጠት አንድ ደቂቃ የሚፈጅባቸው ሰዎች ናቸው።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። «እንደዚያ ያለ ነገር አታስብም፣ አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገውን መልስ ነግሮታልና «አላስብም» ይባላል። «በስመ አብ! ይሄንን ከየት አመጣኸው!» የሚል ሰው ሁለተኛ አይነገረውም። «የልጆችህን ፊት አታይም?» የሚለውም ራሱን እየወቀሰ ባለ ሰው ላይ ሌላ ወቀሳ ይጭናል። ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል መግባትም አይገባም፤ «ብቻዬን አልይዘውም፣ የሚረዳን ሰው አብረን እንፈልጋለን» ይባላል።

መንገድና ጊዜ ካለው፣ ወይም ከዚህ በፊት ከሞከረ፣ ብቻውን አይተው፤ መጸዳጃ ቤት ሲገባም በሩ አይቆለፍ። በዚያው ሰዓት ከቤት የሚወጡ ነገሮች አሉ፦ የፀረ ተባይና የአረም መድኃኒት፣ የአይጥ መርዝ፣ መሣሪያ ካለ መሣሪያ፣ የአያት የስኳርና የደም ግፊት ክኒን ጭምር። መቆለፍ ብቻ አይበቃም፣ ዕቃዎቹ ጎረቤት ቤት ይቀመጡ። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን ስለሚመታ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው ሐኪሙ የአንድ ሳምንት ብቻ እንዲያዝለት ይጠየቅ፤ ክኒኑንም ሌላ ሰው ይዞ በየዕለቱ እየቆጠረ ይስጠው። እነዚህ እርምጃዎች ቀላል ይመስላሉ። ሕይወት የሚያተርፉት የመሞት ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ ማዕበል ሆኖ መጥቶ የሚያልፍ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ሰዓት ነገሩ እጅ ላይ አለመኖሩ ሰውየውን ያሻግረዋል።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ 988 ይደወላል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በእስራኤል 1201፣ በእንግሊዝ 116 123፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለድንገተኛ 112፣ በሳዑዲ አምቡላንስ 997፣ በኤምሬቶች 998 ነው።

7. ከጸበል የተለየ አይደለም

ጸበል ለሚያምን ሰው የእምነቱ አካል ነው፤ ከኃይል መስመርና ከቻክራ ጋር አንድ የሚያደርገው የለም። ንጽጽሩን ካነሱት ግን እስከ መጨረሻው ይሂዱ። በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ጽሑፉ መድኃኒቱን ቀንሱ ሲል ከዚያ በተቃራኒው እየሄደ ነው። ጸበል ለሚሄድ ታማሚ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ፍሎክሰቲን በቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ከጾም ጋር ማስማማት አይከብድም፤ ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊትየም የሚወስድ ሰው ግን ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጠራቀምና ሊመርዘው ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም።

ይህን ሁሉ ሰምቶም ሬይኪ እንዲደረግለት የሚፈልግ ታማሚ ይኖራል። ራሱ ከፈለገ፣ ድምፅ የሚሰማ ወይም የሚጠረጥር ካልሆነ፣ ሕክምናው ከተጀመረ፣ አንድ ሰዓት በጸጥታ መጋደሙ አይጎዳውም። እጅ ከመጫኑ በፊት በእያንዳንዱ ቦታ ይጠየቅ፤ አቁም ሲል ይቁም። የሚሠራው ሰው ስለ መድኃኒት አንድም ቃል አይናገር። የ21 ቀን ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ ከሆነ ይቅር፤ ያ ብር የትራንስፖርትና የመድኃኒት ነው።

ቤት ያለ ሰውም ያንኑ አንድ ሰዓት በሌላ መንገድ ሊሰጠው ይችላል። ጽሑፉ ትክክል የሆነበት አንድ ቦታ ይህ ነው፤ ታማሚው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ገልጦ ሙቅ ውኃ በጎድጓዳ ማቅረብና «ፊትህን ብቻ» ማለት፤ ገላህን ታጠብ አይባልም፣ ለዛሬ ይበዛበታል። ነገ እስከ በር፣ ከነገ ወዲያ እስከ ሱቅ፣ በሳምንቱ 10 ደቂቃ መራመድ። አጥሚቱን በትንሽ ኩባያ፣ በየ2 ሰዓቱ። የቀጠሮው ቀን በማለዳ ሄዶ ካርድ የሚያወጣለት፣ ወረፋው ላይ የሚቀመጥለት፣ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ያን የ2 ሳምንት ማስታወሻ ከኪሱ አውጥቶ የሚያነብለት ሰው ይኑር፤ ታማሚው ራሱ በዚያች ሰዓት «ደህና ነኝ» ሊል ይችላልና።